የባለሥልጣን ሃይማኖት በምን ይታወቃል?

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ይኸውም «ሰውዬው በልቡ ምን ያምን ነበር?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚነሣው ግን ዘወትር እውነቱን ለማወቅ በመሻት ብቻ አይደለም። ሃይማኖተኛው ታላቁን ሰው ከራሱ ማኅበር ሊያስቈጥረው ይፈልጋል፤ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም እንደዚሁ የሐሳቡ ምስክር ሊያደርገው ይፈልጋል። ሟች ደግሞ ተነሥቶ «እኔስ እንዲህ ነበርሁ» ብሎ መልስ ስለማይሰጥ፥ ክርክሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ይኖራል።

እኛ ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የታወቀ ሰው ላይ ስናነሣ ከሽሚያው ለመግባት አስበን አይደለም። ሰውዬው ከ1953 እስከ 1961 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበረው ስዊድናዊው ዳግ ሐመርሾልድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እርሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሃይማኖቱን በሕይወቱ ሳለ ከቅርብ የሥራ ባልደረቦቹ እንኳ ሰውሮ የኖረ፥ ከሞተ በኋላ ግን በገዛ እጁ ጽሑፍ የተገለጠ ሰው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእኛና ለአንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ሐመርሾልድ ንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ ወይም የፓርቲ መሪ አልነበረም፤ የቢሮ ሰው ነበር። ሥራው እንደ ብዙዎቻችን ሰነድ መመርመር፥ ደብዳቤ ማርቀቅ፥ የተጣሉትን ማነጋገር፥ በተሰጠው መመሪያ መሠረት መፈጸም ነበር። እንግዲህ የእርሱ ነገር ከትምህርት ቤት ወጥተን ከቢሮ ወንበር ላይ ገና የተቀመጥነውን ወጣቶች በቀጥታ ይመለከታል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ በመጀመሪያ ሰውዬው ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እንመልከት።

ሐመርሾልድ በ1905 ዮንሾፒንግ በተባለች የስዊድን ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኡፕሳላ ነው። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1914 እስከ 1917፥ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ከቤተ ሰቡ ወዳጆች አንዱ የኡፕሳላው ሊቀ ጳጳስ ናታን ሰደርብሎም ነበሩ፤ እኚህም አባት አብያተ ክርስቲያናትን ለማቀራረብ በመድከማቸው በ1930 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉ ናቸው። ልጁ ኢኮኖሚክስን አጥንቶ በ1936 በአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት ያዘ። በ1951 ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲገባም የገዢው ፓርቲ አባል አልነበረም፤ እንደ ባለሙያ አገልጋይ ገባ እንጂ። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሲመረጥ ታላላቆቹ መንግሥታት የተስማሙበት፥ ድምፁን የማያሰማ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብለው ስላሰቡ ነበር።

ወደ ኒው ዮርክ ከሄደ ብዙ ሳይቈይ፥ ሰዎች ስለ እምነታቸው በሚናገሩበት በአንድ የአሜሪካ የራዲዮ ፕሮግራም ላይ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ያን ጊዜ የሰጠው ቃል አጭር ቢሆንም ጠቃሚ ነው። በአባቱ ወገን ካሉት ወታደሮችና የመንግሥት ሹማምት፥ ራስን ሳይፈልጉ አገርን ወይም የሰውን ልጅ ከማገልገል የሚበልጥ ኑሮ እንደሌለ መማሩን ገለጸ። በእናቱ ወገን ካሉት ሊቃውንትና ካህናት ደግሞ ሰዎች ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች እንደ መሆናቸው እኩል መሆናቸውን መማሩን ተናገረ። ይህን የወረሰውን እምነት በወጣትነቱ በጥርጣሬ መርምሮ፥ በመጨረሻ በገዛ አእምሮው እንደ ተቀበለውም አስረዳ። ለዚህ የረዱት ሐኪሙ አልበርት ሽቫይትዘርና የመካከለኛው ዘመን የክርስትና ባሕታውያን ጸሐፊዎች መሆናቸውን ጠቀሰ። እነዚህ ባሕታውያን ባልንጀራቸው የሚጠይቃቸውን ግዴታ ሁሉ ሳያመነቱ የሚቀበሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ነው የተረዳቸው።

ይህን ቃል የሰማ ሰው ብዙ ያላሰበበት ይመስላል። ከዚያ በኋላ በነበሩት 8 ዓመቶች ሐመርሾልድ በሸንጎ ፊት ሲናገር፥ ከመንግሥታት ጋር ሲደራደር፥ ጋዜጠኞችን ሲያነጋግር ስለ ገዛ ነፍሱ ነገር አያነሣም ነበርና። ባልደረቦቹ የሚያውቁት የተማረ፥ ቍጥብ፥ ሥራ የማይሰለቸው፥ ሥዕልና ቅኔ የሚወድ፥ ተራራ የሚወጣ ሰው መሆኑን ነው። በ1958 መጨረሻ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የመጀመሪያ ስብሰባውን በአዲስ አበባ ሲከፍት እዚሁ ተገኝቶ ንግግር አድርጓል፤ ያን ጊዜም የተናገረው ስለ አዲሶቹ የአፍሪካ አገሮች ሥራ እንጂ ስለ ሰማይ ነገር አልነበረም።

በ1961 መስከረም ወር፥ አገራችንም ወታደሮቿን ወደ ላከችበት ወደ ኮንጎ ተጓዘ። ከካታንጋው መሪ ከቾምቤ ጋር ለመነጋገር ከሌዎፖልድቪል ተነሥቶ ሲበር፥ ከመስከረም 17 ለ18 አጥቢያ አውሮፕላኑ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር በንዶላ አጠገብ ወድቆ ከጓደኞቹ ጋር ሞተ። የአደጋው ምክንያት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና በተባበሩት መንግሥታት ሲመረመር ቈይቷል፤ የዛሬው ነገራችን ግን እርሱ አይደለም።

የዛሬው ነገራችን ከሞቱ በኋላ የተገኙት ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ኒው ዮርክ ከነበረው ቤቱ የተገኘ የማስታወሻ ጽሑፍ ነው። ከጽሑፉ ጋር ለአንድ የስዊድን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ሐመርሾልድ ጽሑፉን ከራሱና ከእግዚአብሔር ጋር ያደረገው ድርድር መዝገብ እንደ ሆነ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ወዳጁም ይጠቅማል ብሎ ካመነበት እንዲያሳትመው ይፈቅድለታል። ጽሑፉ በ1963 በስዊድንኛ ታተመ፤ ስሙም «የመንገድ ምልክቶች» ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባለቅኔው ኦደን ከአንድ ስዊድናዊ ጋር ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ማስታወሻው ከ1925 ጀምሮ፥ ማለት ደራሲው የ20 ዓመት ወጣት ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ሞተበት ዓመት የሚደርስ ነው።

አንባቢዎች ያን መጽሐፍ ሲከፍቱ የጠበቁት የዓለምን ምስጢር ነበር። ስለ ሱዌዝ፥ ስለ ክሩሽቾቭ፥ ስለ ኮንጎ የሚያወራ መስሏቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱም የለበትም። በዘመኑ ከነበሩት የመንግሥታት መሪዎች የማንም ስም አይገኝበትም፤ የያዘው ሥልጣን እንኳ አልተጠቀሰበትም። የሚገኝበት አንድ ብቸኛ ሰው ትዕቢቱን ሲመረምር፥ ሞትን ሲያስብ፥ ለምስጋና ያለውን ጥማት ሲወቅስ፥ መዝሙረ ዳዊትንና የባሕታውያንን ቃል ሲያሰላስል፥ ሲጸልይም ነው። በ1950 አካባቢ የተጻፈው ክፍል ጨለማ የሞላበት ነው። ወደ 1953 ሲደርስ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ላለፈው ማመስገን፥ ለሚመጣው መታዘዝ ይጀምራል። ሰው በዘመናችን ቅድስናን የሚሻ እንደ ሆነ መንገዱ በሥራ ዓለም ውስጥ የሚያልፍ መሆኑንም በ1955 ጽፏል።

ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነው። ሐመርሾልድ በሌዎፖልድቪል ባረፈበት ቤት ከአልጋው አጠገብ ትቶት የሄደ አንድ መጽሐፍ ተገኘ። መጽሐፉ በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረው መነኵሴ ቶማስ አ ኬምፒስ ጻፈው የሚባለው «ክርስቶስን መምሰል» ነበር። በመጽሐፉ መካከል ለምልክት የተቀመጠ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሐመርሾልድ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሲሾም የማለው የሥራ መሐላ ነው፤ ይኸውም ከማንም መንግሥት ትእዛዝ ላለመቀበልና የድርጅቱን ጥቅም ብቻ በታማኝነት ለመጠበቅ የገባው ቃል ነው።

«የመንገድ ምልክቶች» በታተመ ጊዜ በስዊድን ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ይህ ሰው ራሱን ከክርስቶስ ጋር አስተካክሏል» ብለው ነቀፉት። ሌሎች ደግሞ የዘመናችን ባሕታዊ አሉት። ኦደን ራሱ በጻፈው መቅድም፥ ሐመርሾልድ በቤተ ክርስቲያን የጋራ ሥርዐትና ምስጢራት ሳይሳተፍ ለብቻው መጓዙን እንደ ጉድለት ቈጥሮበታል። ሁሉም የተከራከሩት በትልቁ ጽሑፍ ላይ ነው። እኛ ግን እንደሚመስለን፥ ሰውዬውን ለማወቅ ከትልቁ ጽሑፍ ይልቅ ትንሹ ወረቀት ይሻላል።

ምክንያታችንን እንግለጽ። ሰው ስለ ነፍሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፥ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው። የሥራ መሐላ ግን ስለ ሌሎች የገባው ቃል ነው። ሐመርሾልድ መሐላውን በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ብቻ አልተወውም፤ የጸሎት መጽሐፉንም ከሥራው ለይቶ ለእሑድ ብቻ አላኖረውም። ሁለቱን በአንድ ስፍራ አስቀመጣቸው። ከዚህ የምንረዳው ለእርሱ ሃይማኖቱ ሥራውን በታማኝነት የሚፈጽምበት ኀይል እንደ ነበረ፥ ሥራውም ሃይማኖቱ የሚፈተንበት ስፍራ እንደ ነበረ ነው።

አገራችን መሐላን የምታውቅ አገር ናት። አባቶቻችን በመሐላ የተያዘን ነገር ከጽሑፍ ውል አብልጠው ይፈሩ ነበር። ዛሬም ሹም ሲሾም ምሎ ነው። ነገር ግን ያን የመሐላ ቃል ከሥነ ሥርዐቱ ቀን በኋላ መልሶ ያነበበው ስንቱ ነው? በየማታው በሚያነበው መጽሐፍ መካከል ያስቀመጠውስ ስንት ይገኛል? የመሐላው ቃል ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንጂ ከኅሊና ላይ ሲሰቀል የምናየው ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ሐመርሾልድ ሃይማኖቱን ስለ ምን ሰወረ ወደሚለው እንለፍ። ፈርቶ ነውን? አፍሮ ነውን? መልሱን ለማግኘት በኒው ዮርክ በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ ያለችውን የጽሞና ክፍል መመልከት ይበቃል። ይህችን ክፍል በ1957 እንደ ገና ያሠራት ሐመርሾልድ ነው፤ ከመብራቷ እስከ መቀመጫዋ ድረስ ራሱ ተቈጣጥሮ ነው። በክፍሏ መካከል ከስዊድን የመጣ 6 ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን ያልተቀለጠ የብረት ድንጋይ ቆሟል፤ ከላይ አንድ የብርሃን ጨረር ይወርድበታል። ከፊት ለፊት አንድ ሥዕል ከመኖሩ በቀር መስቀልም፥ ጨረቃም፥ ኮከብም፥ ምስልም የለባትም። ለጐብኚዎች በጻፈው አጭር ማስረጃ ላይ፥ ድንጋዩ እንደ ባዶ መሠዊያ የቆመው አምላክ ስለሌለ እንዳይደለ፥ ሰዎች በብዙ ስምና በብዙ መልክ ለሚያመልኩት አምላክ የተለየ ስለ ሆነ እንደ ሆነ አስረድቷል። ብረትም ሰይፍም ማረሻም የሚሠራበት መሆኑን አስታውሷል።

እንግዲህ ሰውዬው ሃይማኖቱን የሰወረው የሌላው ሰው ሃይማኖት ስፍራ እንዲያገኝ ነው ማለት ነው። ክርስቲያኑ፥ እስላሙ፥ አይሁዱ፥ ቡድሂስቱ፥ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ሳይቀር ከዋና ጸሐፊው ቢሮ ሲገባ «ይህ ሰው የእነ እገሌ ነው» ብሎ እንዳይሠጋ ነው። በመጨረሻው ጉዞው ላይ እንኳ ወደ ቋንቋው ሲተረጕመው የነበረው መጽሐፍ የአይሁዳዊው ፈላስፋ የማርቲን ቡበር መጽሐፍ ነበር። የራሱን የማያምንበት ሰው የሌላውን እንዲህ አክብሮ ሊይዝ አይችልም።

«ገለልተኛ ነኝ የሚል ሰው ምንም የማያምን ሰው ነው» የሚሉ አሉ። የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቾቭ በ1961 ለአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፥ ገለልተኛ አገር ይኖር ይሆናል እንጂ ገለልተኛ ሰው የለም ብሎ ነበር። ሐመርሾልድ በዚያው ዓመት በግንቦት 30 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር መልሱን ሰጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ሐሳብና ስሜት የሌለው ድንጋይ እንዲሆን አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የገዛ ስሜቱን አውቆ በፍርዱ ላይ እንዳይሠለጥንበት እንዲጠብቅ ነው፤ ይህም የሐቀኝነት ጕዳይ ነው። እኛም በዚህ እንስማማለን። ራሱን ዘወትር የማይመረምር ሰው ለማን እንደሚያደላ ሊያውቅ አይችልም። በ«የመንገድ ምልክቶች» ውስጥ ያለው የሌሊት ምርመራ የቀኑ ሥራ መሣሪያ ነበረ የምንለው ስለዚህ ነው።

ሥራውም ተፈትኗል። በ1956 እንግሊዝና ፈረንሳይ፥ ሁለቱ የድርጅቱ ታላላቅ መንግሥታት፥ በሱዌዝ ጕዳይ ግብፅን በወጉ ጊዜ፥ ሐመርሾልድ በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆሞ የቻርተሩ ሕግ ከድርጅቱ ምቾት እንደሚበልጥ፥ ይህን የማይወድ ካለም ሌላ ሰው ይፈልግ ዘንድ እንደሚችል ገለጸ። በ1960 ደግሞ ክሩሽቾቭ ከሥልጣኑ እንዲወርድ በሸንጎ በጠየቀው ጊዜ፥ መልቀቅ ቀላል እንደ ሆነ፥ መቈየት ግን እንደሚከብድ፥ የሚቈየውም ድርጅቱ ለሚያስፈልጋቸው ለታናናሾቹ አገሮች ሲል መሆኑን መለሰ። በዚያ ዓመት ብቻ 17 አዳዲስ አገሮች፥ ከእነርሱም 16ቱ አፍሪካውያን፥ ከድርጅቱ መግባታቸውን ስናስታውስ፥ ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ ግልጽ ነው።

ነገር ግን የሰውዬውን መልካምነት ስናነሣ ስሕተቱን ብንሸፍን ከሐቅ እንወጣለን። በኮንጎ የተደረገው ነገር እስከ ዛሬ በብዙ አፍሪካውያን ልብ ውስጥ ቍስል ነው። የድርጅቱ ሠራዊት በአገሩ ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓትሪስ ሉሙምባ ከሥልጣን ወርዶ፥ ተይዞ፥ በ1961 ጥር ወር ተገደለ። «ገለልተኝነት ማለት የሚታረደውን ቆሞ ማየት ነውን?» ብለው ሐመርሾልድን የወቀሱት ሁሉ ያለ ምክንያት አልወቀሱትም። እኛም ይህን ወቀሳ ከታሪኩ ለመፋቅ አንሞክርም። ከዚህ የምንማረው፥ ጸሎት ፍርድን ከስሕተት ነጻ የሚያወጣ መድኀኒት አለመሆኑን ነው። ሃይማኖተኛ ሹም ሊሳሳት ይችላል፤ በስሕተቱም ሰው ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ «እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነውና ሥራውን መመርመር አያስፈልግም» የሚለው አነጋገር አደገኛ ነው። እምነቱ ለእርሱ ነው፤ ሥራው ግን በሕግና በሕዝብ ይመረመራል።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሹም እናያለን። አንደኛው ሃይማኖቱን እንደ ካባ ለብሶት የሚውል ነው። ስሙን ሳይጠራ ነገር አይጀምርም፤ የጾሙን ቀን፥ የጸሎቱን ሰዓት፥ የስለቱን መጠን ሁሉ ያስታውቃል። ባለ ጕዳይ ሲመጣ ግን በመጀመሪያ የሚያየው አንገቱ ላይ ማተብ እንዳለ ወይም ስሙ የማን ወገን እንደ ሆነ ነው። የራሱ ወገን ከሆነ ጕዳዩ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ካልሆነ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ሁለተኛው ሹም ደግሞ «ሃይማኖት የቤት ነገር ነው፤ ሥራ ሥራ ነው» የሚል ነው። አነጋገሩ የሠለጠነ ይመስላል። ከቤት የተወው ግን ሃይማኖቱን ብቻ ሳይሆን ኅሊናውንም ጭምር ሆኖ ይገኛል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ቀልድ እየጠቀሰ እንደ ሕግ ይሠራበታል።

እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም መጽሐፉንና መሐላውን ለያይተዋል። የመጀመሪያው መጽሐፉን ከፍቶ መሐላውን ረስቷል፤ ሁለተኛው መጽሐፉን ሲዘጋ መሐላውን አብሮ ዘግቶበታል።

«ታዲያ ወጣቱ ሠራተኛ ሃይማኖቱን ይደብቅ ትላላችሁን?» የሚል ይኖራል። ይደብቅ አንልም። ቤተ ክርስቲያን መሳምን፥ መስጊድ መስገድን የሚከለክለው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የስዊድኑ ሰው ብቸኝነት ለሁሉም ምሳሌ ይሁን ማለታችንም አይደለም፤ የእኛ ሕዝብ እምነቱን ከጎረቤቱና ከማኅበሩ ጋር ሆኖ የሚኖር ነው፤ ይህም ሀብቱ ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነገር ነው። ሃይማኖት ከቢሮ በር ሲገባ፥ በራሱ ላይ መፍረጃ ሆኖ ይግባ እንጂ በሌላው ላይ መለያ ሆኖ አይግባ። የማይጋራን ሰው ያለ ፍርሃት ከፊታችን ሊቆም ከቻለ፥ ጕቦ ሲቀርብልን እጃችንን የሚይዘው ከተገኘ፥ አለቃችን ሐሰት ፈርም ሲለን እንቢ የምንልበት ኀይል ካለን፥ ያን ጊዜ ሃይማኖታችን ስሙን ባንጠራውም በቢሮው ውስጥ አለ።

ብዙ ሃይማኖት ባለበት አገር የሕዝብ ሥራ የሚጸናው በዚህ ብቻ ነው። ሕግ አድልዎን ሊከለክል ይችላል፤ ከጠረጴዛው ኋላ ብቻውን የተቀመጠውን ሰው ልብ ግን ሕግ አያየውም። እዚያ የሚደርሰው ማንም ሳያየው የሚጠበቅ መሐላ ነው። ሐመርሾልድም በዚያች የሌዎፖልድቪል ክፍል ወረቀቱን ከመጽሐፉ ውስጥ ሲያስቀምጥ ሰው ያየዋል ብሎ አልነበረም።

እንግዲህ ከእኛ ማንም ቢሆን የሃይማኖቱን ልክ ለማወቅ ቢፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጠረጴዛው ላይ ከሁሉ በታች ተጭኖ የሚገኘው ፋይል የማን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንስ ከታች እንደ ቀረ ይመልከት።